ኤዲርኔ በቅዳሜና እሁድ፦ ማደር ወይስ ደርሶ መልስ? አውቶቡስ፣ ባቡር ወይስ መኪና?

ኢስታንቡል ላይ ሁለት ቀን የሚተርፈው ሰው ብዙ ነው። ላሌሊ ዕቃ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ አለ፤ አብዛኞቹ የጅምላ ሱቆች እሁድ ስለሚዘጉ ሆቴሉ ውስጥ ሻንጣ ሲያስተካክል ይውላል። ትራንዚቱን ሆን ብሎ ያራዘመ መንገደኛ አለ። እዚያው የሚኖርና ከጫጫታው ትንሽ ፈቀቅ ማለት የፈለገም አለ። ለነዚህ ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ስም አለ፦ ኤዲርኔ።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ "በባቡር ሂድ፣ በነፃ ነው በለው" ይላል። ሌላው "መኪና ተከራዩ እንጂ" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "እዚያ ድረስ ከሄድክማ ግሪክን ረግጠህ ተመለስ" ብሎ ያጓጓል።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከመጓጓዣው ነው። እኔ ግን ከሌሊቱ ጀምሩ ባይ ነኝ። እዚያ ታድራላችሁ ወይስ አታድሩም? ይህን ከወሰናችሁ መጓጓዣው ብዙም አያከራክርም። ዋጋ በሊራ አልጻፍኩም፤ ቱርክ ውስጥ ባለፈው ክረምት የተጻፈ ዋጋ ዘንድሮ ለምንም አይሆንም። የቱ ከየቱ እንደሚረክስ ግን እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ በአጭሩ

ኤዲርኔ ከኢስታንቡል በስተሰሜን ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአንድ በኩል ግሪክ፣ በሌላ በኩል ቡልጋሪያ ያዋስኗታል። አድሪያኖፕል የሚለው የድሮ ስሟ የመጣው ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ከሀድሪያን ነው። ኦቶማኖች በ1360ዎቹ ያዟት፤ በ1453 ቁስጥንጥንያ እጃቸው እስክትገባ ድረስም ዋና ከተማቸው ነበረች። የቁስጥንጥንያን ግንብ የደበደበው ያ ትልቅ መድፍ የተሠራው እዚሁ ነው።

ቅርሱ የዋና ከተማ ነው፣ ስፋቷ ግን የክፍለ ሀገር ከተማ። ሦስቱ ትልልቅ መስጊዶች እርስ በርስ ይተያያሉ። ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ታክሲ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው።

በምን እንመዝን?

አራት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ከተማው ውስጥ በእግራችሁ የምትቆሙበት ሰዓት ስንት ነው? መንገድ ላይ የሚያልቀውን አትቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ከበር እስከ በር ስንት ይፈጃል? የትኬቱ ዋጋ ብቻ ያታልላል፤ ርካሹ ባቡር ሁለት ታክሲ ካስያዘ ርካሽነቱ እዚያው ያበቃል። ሦስተኛ፣ ጣጣው ምን ያህል ነው? ስንት ጊዜ መኪና መለወጥ አለ፣ ሻንጣ መጎተት አለ ወይ፣ ቱርክኛ ሳያውቁ ይሆናል ወይ? አራተኛው ወረቀት ነው። ድንበር አጠገብ ስለሆነች ይህኛው ከሌሎች ከተሞች ይልቅ እዚህ ይከብዳል።

ማደር ወይስ ደርሶ መልስ?

እስቲ ሰዓቱን እናስላ። ደግነቱ ቱርክና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ክረምት ከበጋ አይለዋወጥም። ትኬቱ ላይ 08:00 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በ2 ሰዓት ከተሳፈራችሁ መሃል ኤዲርኔ የምትቆሙት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ወደ ኢስታንቡል ለመሳፈር 11 ሰዓት ላይ ከመሃል ከተማ መነሣት አለባችሁ። በእጃችሁ የቀረው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። አንዱ ሰዓት ለምሳ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ ሦስቱን መስጊዶችና ገበያውን ማየት ይቻላል። ሮጥ ሮጥ ካላችሁ ዛሬ ሙዚየም የሆነው የባየዚድ ሆስፒታልም ይገባል። የሚያመልጣችሁ ማታው ነው። ከማታው ጋር ወንዙና ማዶው ያለው ካራአጋች የሚባለው ሰፈር ይቀራሉ። ለእኔ ይህ የጉዞው ግማሽ ነው።

ምን ምን እንዳለ ልንገራችሁና ራሳችሁ መዝኑት።

ሰሊሚዬ የመጀመሪያው ነው። አርክቴክቱ ሚማር ሲናን ሥራውን የጀመረው በ1568 ነው፤ ዕድሜው ወደ 80 ተጠግቶ ነበር። ለሱልጣን ሰሊም ዳግማዊ የሠራው ሲሆን የተጠናቀቀው በ1575 ነው። 31 ሜትር ስፋት ያለውን ጉልላት የተሸከሙት ስምንት ምሰሶዎች ናቸው። ከስር ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ግን ምሰሶዎቹ ወደ ግድግዳው ስለተጠጉ ጉልላቱ የተንሳፈፈ ይመስላል። ዩኔስኮ በ2011 መዝግቦታል። ነገሩን ወደ እኛ ላቅርበውና፣ ይህ መስጊድ ሲገነባ እኛ ዘንድ አፄ ሠርፀ ድንግል ነግሠው ነበር፤ ኦቶማኖችም ምጽዋን ከያዙ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ከውስጥ መሃል ላይ ሙአዚኖች የሚቆሙበት ከፍ ያለ መድረክ አለ፤ በእብነ በረድ ዓምዶች ላይ ነው የቆመው። ከዓምዶቹ አንዱ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ፈልጉ። ተገልብጣ የተቀረጸች አንዲት ትንሽ የቱሊፕ አበባ ታገኛላችሁ። ቦታው መጀመሪያ የቱሊፕ ማሳ ነበር፣ ባለቤቱም መሬቱን አልሸጥም ብሎ አስቸግሮ ነበር ይባላል። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ያን ሁሉ ጉልላት ትቶ ሰው ሁሉ እሷን ፍለጋ ሲያጎነብስ ማየት ያስቃል። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ መስጊዱ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ጀምሮ ትልቅ እድሳት ላይ ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አጣሩ። በእድሳት ብረት የታጠረ ጉልላት ለማየት ብቻ 240 ኪሎ ሜትር መሄድ ያበሳጫል።

ኡች ሸረፈሊ በ1447 ያለቀ ነው። አራት ሚናራዎች አሉት፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። አንደኛው እንደ ገመድ የተገመደ፣ ሌላኛው እጥፍጥፍ መስመር ያለበት ነው። ረጅሙ ሦስት ሰገነቶች አሉት፤ መስጊዱም ስሙን ያገኘው ከነሱ ነው። እስኪ ጃሚ ደግሞ በ1414 ያለቀ ሲሆን ከሦስቱ የቆየው ነው። ግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የዓረብኛ ፊደላት በጥቁር ቀለም ተጽፈዋል። እዚያ ግቡና ቁጭ በሉ፤ ከሰሊሚዬ ይልቅ ጸጥታ አለው።

የባየዚድ ዳግማዊ ሕንጻዎች ከመሃል ከተማ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብለው፣ ከቱንጃ ወንዝ ማዶ ናቸው። በ1488 ያለቁ ናቸው። መስጊድ፣ የሕክምና ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ነበሩ፤ ዛሬ የትራክያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሙዚየም ሆነዋል። ሙዚየሙ በ2004 የአውሮፓ ምክር ቤትን የሙዚየም ሽልማት አግኝቷል። የአእምሮ ሕሙማን እዚህ በሙዚቃና በውኃ ድምፅ ይታከሙ ነበር። መሃል ላይ ባለ ስድስት ጎን አዳራሽ አለ፤ ጉልላቱ ስር ፏፏቴ፣ ዙሪያውን የሕሙማን ክፍሎች፣ አንድ ጎን ላይ የሙዚቀኞቹ መቀመጫ። አዳራሹ ውስጥ አጨብጭቡና ድምፁ እንዴት እንደሚዞር ስሙ። ከከተማዋ ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህንን እመርጣለሁ። ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው "ሩቅ ነው" ብሎ መጀመሪያ የሚሰርዘውም ይህንኑ ነው።

ማታ ደግሞ የመሪች ወንዝ አለ። የድንጋይ ድልድዩ በ1840ዎቹ የተሠራ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፤ ወንዙ ዳር ባሉት ሻይ ቤቶች ቁጭ ብሎ የሱፍ ፍሬ እየቀረጠፈ ያወራል። ድልድዩን ተሻግራችሁ በዛፍ በተከለለው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ከሄዳችሁ ካራአጋች ትገባላችሁ። ይህች ሰፈር በ1923 የሎዛን ውል ከግሪክ ለቱርክ በጦር ካሣ መልክ የተሰጠች ናት። የድሮው ባቡር ጣቢያ እዚያ ነው። እስከ 1971 ድረስ ባቡሩ እዚህ ለመድረስ በግሪክ መሬት ያልፍ ነበር፤ ከዚያ አዲስ መስመር ተሠራና ጣቢያው ሥራ ፈታ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ነው። ግቢው ውስጥ ያረጀ የእንፋሎት ባቡር ቆሟል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ አንድ ሌሊት እደሩ። ሁለተኛው ሌሊት ግን አያስፈልግም፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ የምታዩት ያልቃል። ሁለት ሌሊት የሚያስፈልገው መኪና ይዞ በአካባቢው ያሉትን ከተሞች ለሚያዳርስ ሰው ነው።

አውቶቡስ

ከኢስታንቡል የሚነሣው ኤሰንለር ካለው ትልቁ መናኸሪያ ነው። ላሌሊ ያረፈ ሰው አክሳራይ ድረስ በእግሩ ሄዶ ኤም አንድ ሜትሮን ቢይዝ፣ "ኦቶጋር" የሚባለው ፌርማታ መናኸሪያው ውስጥ ያወርደዋል። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ አለ፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ብዙ አያስጠብቅም። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከተጨናነቀ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሻይና ኬክ እየታደለ ነው የሚኬደው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ትኬት ስትቆርጡ ፓስፖርት ይጠየቃል፣ ጾታም ይጻፋል። የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ ነው። ባልና ሚስት ወይም ጓደኛሞች ከሆናችሁ አብራችሁ ቁረጡ። ሁለተኛ፣ የኤዲርኔ መናኸሪያ ከከተማው ውጭ አውራ ጎዳናው ላይ ነው። ከዚያ ወደ መሃል በሚኒባስ ነው የሚገባው። ሹፌሩን "ሰሊሚዬ" ካላችሁት ይበቃል።

ባቡር

ትኬቱ ከሁሉ ይረክሳል፤ በዚህ አንከራከርም። የሚነሣው ግን ከሃልካሊ ነው፣ ማለትም ከኢስታንቡል ምዕራብ ጫፍ። ከየኒካፒ ማርማራይ የሚባለውን የከተማ ባቡር ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄዳላችሁ። ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በቀን ያሉት ባቡሮች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ እናንተ በባቡሩ ሰዓት ትመራላችሁ እንጂ እሱ በእናንተ አይመራም። አውሮፓ ኅብረትም ገንዘብ ያዋጣበት ፈጣን መስመር እየተገነባ ነው፤ እሱ ሥራ ሲጀምር ይህን ምክር ቅደዱት።

ወደ ሶፊያ የሚሄደውን የሌሊት ባቡር የሚመክሯችሁ ሰዎች አሉ። ለኤዲርኔ አይሆንም። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው እዚያ የሚያልፈው፤ ከዚያም ድንበሩ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ፓስፖርት ሊያስመታ ይሰለፋል። በዚያ ሰዓት ሻንጣ ይዞ ወርዶ ሆቴል መፈለግ የወጣትነት ሥራ ነው።

ታዲያ ባቡር ለማን ነው? ጊዜ ላለውና መስኮት ዳር መቀመጥ ለሚወድ ሰው ነው። በሐምሌ መስመሩ ግራና ቀኙ በሱፍ አበባ ቢጫ ይሆናል። የትራክያ ሜዳ የቱርክ የሱፍ ዘይት ዋና መገኛ ነው።

መኪና

አራት ሰው ከሆናችሁ ሒሳቡ ይለወጣል። ኪራዩ፣ ነዳጁና የመንገዱ ክፍያ ለአራት ሲካፈል ከአውቶቡስ ብዙም አይርቅም። ለአንድና ለሁለት ሰው ግን ውድ ነው። መንገዱ ሰፊና ጥሩ ነው፤ ክፍያው መኪናው ላይ በተለጠፈ ምልክት ይቆረጣል። ስትከራዩ ምልክቱ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ከአገር ቤት ይዛችሁ ውጡ።

የመኪና ጥቅሙ መሃል መንገድ ላይ መቆም መቻሉ ነው። በፈጣኑ መንገድ ፋንታ የድሮውን ከያዛችሁ ሉሌቡርጋዝና ባባኤስኪ ላይ ሌሎች የሲናን ሥራዎች አሉ። ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትወርዱ ደግሞ ኡዙንኮፕሩ ትገኛለች፤ በ1443 ያለቀ፣ 174 ቅስቶች ያሉትና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የድንጋይ ድልድይ አላት። ኤዲርኔ መሃል ግን መኪናው ሸክም ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ማቆሚያው ጥቂት ነው። አቁማችሁት በእግር ሂዱ።

የት እንደር?

ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ። መጀመሪያው ሳራችላር መንገድና አካባቢው ነው፤ ተራ፣ ንጹሕ፣ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። ሁሉም ነገር በእግር ነው። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ሁለተኛው የሩስተም ፓሻ ማረፊያ ነው። ይህም የሲናን ሥራ ሲሆን በ1560ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ለሲራራ ነጋዴዎች ማደሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። እድሳቱ በ1980 የአጋ ካንን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አግኝቷል፤ ዛሬም ሆቴል ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ትንሽ፣ ግቢው ያማረ ነው። ምቾት የሚፈልግ ሰው ክፍሉ ሊጠበው ይችላል። ታሪክ ለሚወድ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው።

ሦስተኛው ካራአጋች ነው። ጸጥ ያለና ዛፍ የበዛበት ሰፈር ነው፤ ለጥንዶች ይስማማል። ግን ከመሃል ከተማ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ወጣ ገባ ባላችሁ ቁጥር ታክሲ ነው።

ቅዳሜ ማታ ከቡልጋሪያና ከግሪክ ለገበያ የሚመጣ ሰው ሆቴሎቹን ያጨናንቃል። ሳትይዙ አትሂዱ።

ድንበሩን ልሻገር?

ፓዛርኩሌ ወደ ግሪክ፣ ካፒኩሌ ወደ ቡልጋሪያ የሚያሳልፉ በሮች ናቸው። ከካራአጋች ግሪክ እጅግ ቅርብ ስለሆነች ነው ሰው የሚጓጓው። እኔ ግን ለቅዳሜና እሁድ አይሆንም ባይ ነኝ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ቡልጋሪያም ከጥር 2025 ጀምሮ በየብስ ሳይቀር ሼንገን ገብታለች። ሼንገኑ ቢኖራችሁ እንኳ የቱርክ ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ መመለሻ የላችሁም። ሻንጣችሁ ኢስታንቡል፣ እናንተ ቡልጋሪያ ትሆናላችሁ። ካፒኩሌ ደግሞ በዓለም ላይ መኪና ከሚበዛባቸው የየብስ በሮች አንዱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከጀርመን በመኪና ለዕረፍት የሚመጣው የቱርክ ዲያስፖራ ይሞላዋል። የኪራይ መኪና ይዞ መሻገር ደግሞ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ አይታሰብም።

ባትሻገሩም ወረቀት ያዙ። ኤዲርኔ ወደ አውሮፓ ለመሻገር የሚሞክሩ ስደተኞች የሚያልፉባት ከተማ ናት። ስለዚህ ፖሊስና ጀንደርማ (የገጠሩ ጸጥታ ኃይል) አውቶቡስ አስቁመው መታወቂያ ያያሉ። ጥቁር መንገደኛ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ይህን መደባበቅ አያስፈልግም። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፤ ፎቶ ኮፒና የስልክ ፎቶ ጣጣውን ያረዝመዋል። ቱርክ የምትኖሩ ከሆነ ኪምሊካችሁ (የመኖሪያ መታወቂያችሁ) ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። በጥገኝነት ጥያቄ ሥር ያላችሁ ደግሞ ከተመዘገባችሁበት ከተማ ለመውጣት የመንገድ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። ያለ እሱ ወደ ድንበር ከተማ መሄድ የማይሆን ነገር ነው። ወንዙ ዳር ስትሄዱም "ወታደራዊ ክልል" የሚል ምልክት ካለ ካሜራውን ኪስ አስገቡ።

ሁሉም በአንድ ላይ

| ምርጫ | ከተማው ውስጥ ያለ ጊዜ | ወጪ | ጣጣ | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|
| አውቶቡስ፣ ደርሶ መልስ | 5 ሰዓት ተኩል ገደማ | ዝቅተኛ | ትንሽ፣ ግን ያደክማል | አንድ ቀን ብቻ ላለው |
| አውቶቡስ፣ አንድ ሌሊት | ቀን ተኩል | መካከለኛ | ትንሽ | ለአብዛኛው ሰው |
| ባቡር፣ አንድ ሌሊት | ከቀን ተኩል ያነሰ | ከአውቶቡሱ ትንሽ ያነሰ | መካከለኛ | ጊዜ ላለው፣ ላልቸኮለ |
| መኪና፣ አንድ ሌሊት | ቀን ተኩልና መንገድ ላይ ያሉት ከተሞች | ለአራት መካከለኛ፣ ለሁለት ከፍተኛ | መካከለኛ | ለቤተሰብና ለጓደኛሞች |
| መኪና፣ ሁለት ሌሊት | ሁለት ቀን ተኩል | ከፍተኛ | መካከለኛ | ለታሪክና ለሥነ ሕንጻ ወዳጅ |
| ድንበር መሻገር | ከቀን ያነሰ | ከፍተኛ | ብዙ | ሼንገንና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የቱርክ ቪዛ ላለው ብቻ |

ስለ ምግቡ ካላወራሁማ

የኤዲርኔ ስም ከጉበት ጋር ተያይዟል። "ጂኤር" ይሉታል። ጉበቱ እንደ ቅጠል ሳስቶ ይቆረጣል፤ ዱቄት ይነካና በፈላ የሱፍ ዘይት ውስጥ ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ገብቶ ይወጣል። ውጩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ አይደርቅም። አጠገቡ በዘይት የተጠበሰ ዛላ በርበሬ ይቀመጣል። ዱለት ያሳደገው ምላስ ይህን ሲቀምስ ባዕድ አይሆንበትም፤ በርበሬው ግን እንደኛው አያቃጥልም። መስጊዶቹ መሃል ባሉት መንገዶች ላይ ከዚህ ሌላ የማይሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሰው የተሰለፈበትን ምረጡ፤ ዘይቱ ትኩስ የሚሆነው እዚያ ነው።

ጾም ከሆነ ወይም የክርስቲያን ካልሆነ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ጉበቱ ይቀራል። አትራቡም ግን። በወይራ ዘይት የበሰሉ አትክልቶች በቱርክ ቤቶች ሁሉ አሉ፤ ባቄላው፣ ባሚያው፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ። የምስር ሾርባ ስታዙ ቅቤና የሥጋ መረቅ እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ አይጠፋም። ወደ ቤት የሚወሰደው ደግሞ ከአልሞንድ የተሠራው ጣፋጭና በፍራፍሬ ቅርጽ የተሠራው ሳሙና ነው። ሳሙናው በእንኮይ፣ በፖም፣ በሎሚ መልክ ተሠርቶ በቅርጫት ይሸጣል። ሕፃናት ካሉ ከአጠገባቸው አርቁት፤ የሚበላ ነው የሚመስለው። አሊ ፓሻ ገበያ ውስጥ በሽ በሽ ነው። ነጋዴዎች ግን ልብ በሉ፦ ይህ የችርቻሮ ገበያ ነው። ለሱቅ የሚሆን ዕቃ በላሌሊ ዋጋ አገኛለሁ ብላችሁ ባዶ ሻንጣ አትጎትቱ።

መቼ?

ሚያዝያና ግንቦት፣ መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ያቃጥላል፤ ክረምታቸው ይበርዳል፣ መሪችም አንዳንዴ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ የኪርክፒናር የዘይት ትግል ይካሄዳል። ታጋዮቹ የቆዳ ሱሪ ታጥቀው ገላቸውን በወይራ ዘይት ነክረው የሚታገሉበት ነው፤ ዩኔስኮ በ2010 መዝግቦታል። ለትግሉ ብላችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሆቴል ያዙ። ለትግሉ ካልሆነ ያንን ሳምንት ሽሹት።

እናንተ የትኛው ናችሁ?

እሁድ ሥራ የሚፈታው ነጋዴ ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ሄዶ ሳራችላር አካባቢ ይደር። የገዛውን ዕቃ ኢስታንቡል ሆቴል ወይም ካርጎ ቤት ትቶ በትንሽ ቦርሳ ይሂድ።

ትራንዚት ላይ ያለና 24 ሰዓት ያልሞላው ሰው ኤዲርኔን ይተዋት። የኢስታንቡል ትራፊክ በረራ ያስመልጣል።

ገንዘብ የጠበበው ተማሪ በባቡር ሄዶ በአውቶቡስ ይመለስ፤ እሁድ ማታ የባቡር ሰዓት መጠበቅ ያስመርራል። ከኢስታንቡል ወጪ አንጻር የኤዲርኔ ኑሮ ቀለል ያለ ስለሆነ የቆጠበውን ለጉበቱ ያውለው።

ልጆች የያዘ ቤተሰብ መኪና ይከራይ። ልጆቹ መስጊድ ከሰለቻቸውና ተራራና የገመድ መኪና የሚያስደስታቸው ከሆነ ግን እውነቱን ልናገር፣ ቡርሳ ትሻላቸዋለች። እሷም የኦቶማን ዋና ከተማ የነበረች ናት።

እናትና አባታቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ሆቴሉን መሃል ከተማ ይያዙ፤ ወደ ባየዚድ ሆስፒታል በታክሲ ይሂዱ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዙ። ጫማ ማውለቁ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም። ዓርብ ቀትር ላይ ግን መስጊዶቹ ለጎብኚ አይሆኑም።

በአውቶቡስ ሄዳችሁ በአውቶቡስ የምትመለሱ ሁሉ የመመለሻውን ትኬት ቅዳሜ ስትደርሱ እዚያው መናኸሪያው ላይ ቁረጡ። እሁድ ከ9 ሰዓት በፊት የሚነሣውን ምረጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኢስታንቡል የሚገባው መንገድ ይዘጋጋል፣ መቀመጫውም ያልቃል።